ጠሂራና የማይሸጠው ቆብ

ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት አንዲት የቆብ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ጠሂራ ትባላለች። ቆቡን በኪሮሽ የምትሠራው ራሷ ናት፤ ነጩን ለጁምዓ፣ ባለቀለሙን ለሙሽራ፣ ትንንሹን ቁርኣን ለሚቀሩ ልጆች። ስትሸጥም፣ ስታወራም፣ ስትቆጣም እጇ አያርፍም። «የጠሂራ እጅ የሚያርፈው ለሰላትና ለምሳ ብቻ ነው» ይላሉ ጎረቤቶቿ፤ ለምሳውም ቢሆን እኔ እጠራጠራለሁ።

ከሱቋ በር በላይ፣ ከተደረደሩት ቆቦች ሁሉ ከፍ ብሎ፣ አንድ ምስማር ላይ የተሰቀለ ቆብ ነበር። ነጭ ነው፤ ነጭ ነበር ማለት ይሻላል፤ ዘመኑና የመርካቶ አቧራ ተረዳድተው ሻይ የፈሰሰበት አስመስለውታል። ጠርዙ አላለቀም። የክሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ መኪና ባለፈ ቁጥር ይወዛወዛል። የጠሂራ እናት የእማማ ረሂማ የመጨረሻ ሥራ ነው። እማማ ረሂማ ከወሎ መጥተው እዚችው ሱቅ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆብ ሲሠሩ ኖሩ። አንድ ቀን «ጠርዙን ነገ እጨርሰዋለሁ» ብለው፣ ኪሮሹን ክሩ ላይ እንደሰኩ ወደ ቤት ሄዱ፤ ያ ነገ ግን ለእሳቸው አልመጣም። ጠሂራ ልጨርሰው ብላ ስንት ጊዜ ከምስማሩ አውርዳዋለች። ክሩን ስትይዘው ግን እጇ እምቢ ይላታል። ጠርዙ ካለቀ እናቷም የምታልቅባት ይመስላታል። መልሳ ትሰቅለዋለች።

ደንበኛ ደግሞ ጉድ ነው፤ ሱቅ ሙሉ ቆብ እያለ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። «ያንን አውርጂልኝ እስቲ» ይላል። ይሄኔ ጠሂራ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከጎኗ ካለው ሱቅ አንድ ጎርናና ድምፅ ይመጣል።

«እሱ አይሸጥም!»

ድምፁ የጋሽ ሀብተ ወልድ ነው። ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና መርፌ ይሸጣሉ። የዚያ ቆብ ክር እንኳ ከእሳቸው ሱቅ የተገዛ ነው፤ እሳቸውና እማማ ረሂማ በክር ዋጋ ሲጨቃጨቁ ነው አብረው ያረጁት። ጋሽ ሀብተ ወልድ ራጉኤል ቅዳሴ ሲሄዱ በርጩማቸውን በራቸው ላይ አጋድመው ይሄዳሉ። ጠሂራም ለሰላት ስትነሣ እንደዚያው ታደርጋለች። በዚያ ሰፈር በር ላይ የተጋደመ በርጩማ «ጎረቤት፣ አደራ፣ ደንበኛ ቢመጣ ሽጥልኝ» ማለት ነው። ጎረቤትም ይሸጣል፤ የራሱን ዕቃ ከሚሸጠው አብልጦ ይከራከራል፤ ገንዘቡን ጠቅልሎ ያቆያል። ጎረቤት እያለ ደንበኛ ባዶ እጁን ተመለሰ ከተባለ ነውር ነው። ጋሽ ሀብተ ወልድ ስለ ሙሽራ ቆብ፣ ጠሂራም ስለ ዚፕ የማያውቁት ነገር የለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ተረት እነሱ በየቀኑ ይሠሩበታል።

ታዲያ አንድ ቀን ዮርዲ መጣች። ዮርዲ ከቱርክ ጨርቅ ለሚያስመጣ ነጋዴ የምትሠራ፣ ቱርክኛው እንደ ውሃ የሚፈስላት ልጅ ናት። ቡርሳ በምትባል የቱርክ ከተማ ያለ አንድ ማኅበር ከመርካቶ የእጅ ባለሙያዎችን ጋብዟል፤ በአሮጌው ገበያቸው ውስጥ ከአገሩ ባለሙያዎች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሳምንት እንዲሠሩ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የእነሱ ሰዎች መርካቶ ይመጣሉ።

«መጀመሪያ ያሰብኩት እርስዎን ነው፣ እትዬ ጠሂራ» አለች።

«እኔን? ከደሴ ወዲያ የት አውቅና? ሱቄንስ ማን ይይዝልኛል?»

«እስከ ዛሬ ማን ሲይዝልሽ ኖረ?» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ ከወዲያኛው ሱቅ፣ ማንም ሳይጠራቸው። በዚያ ሰፈር ወሬ በቆርቆሮ አይከለከልም። «በርጩማሽን አጋድሚና ሂጂ! እናትሽ ቢሆኑ ይሄኔ ሻንጣ እየገዙ ነበር።»

ማኅበሩ ከእንግዶቹ እያንዳንዱ አንድ አሮጌ ሥራ ይዞ እንዲመጣ ጠይቆ ነበር፤ ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሎ ለመታየት ያህል። የጠሂራ አሮጌ ሥራ ያው አንድ ነው። የመሄጃዋ ቀን ጋሽ ሀብተ ወልድ ራሳቸው በርጩማ ላይ ወጥተው ቆቡን አወረዱት። አቧራውን እፍ፣ እፍ ብለው፣ ክር በሚጠቀለልበት ሰማያዊ ወረቀት ጠቅልለው ሰጧት።

«ስትመለሺ እዚሁ ምስማር ላይ ትመልሺዋለሽ። ባዶ ምስማር ማየት አልወድም።»

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ ማለትሽ ጥሩ ነው። አደራ ደግሞ በይ።»

«አደራ» አለች ጠሂራ።

ዮርዲን አስተርጓሚ አድርገው አምስት ሆነው ሄዱ። ከአምስቱ ውስጥ ባህረዲን የሚባል፣ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚሠራ ጨዋታ አዋቂ ነበረበት። ኢስታንቡል ሲደርሱ ፍተሻው ላይ ሻንጣው ተከፈተ፤ ጎማ ብቻ ነው። ፈታሹ አንዱን በረባሶ አነሣ፣ አገላበጠ፣ አሸተተ፣ ባልደረባውን ጠራ። ባልደረባውም አሸተተ።

«ዮርዲ፣ የኤንትሬ የጭነት መኪና ጎማ ነው በያቸው!» አለ ባህረዲን። «ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው በያቸው!»

ዮርዲ ምን እንዳለቻቸው አላህ ይወቅ፤ ፈታሾቹ እየሳቁ ሻንጣውን ዘጉለት። ጠሂራ ግን አልሳቀችም። ተራዋ እስኪደርስ ያንን ሰማያዊ ጥቅል ደረቷ ላይ ይዛ፣ እናቷን የሚያሸቷት ይመስል ስትጨነቅ ነበር። ፈታሹ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ አየና በጥንቃቄ መልሶ ጠቀለለው። ለእሷ ያን ቀን ቱርክ ደግ አገር ሆነ።

ወደ ቡርሳ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሰው እንደጫነ መርከብ ላይ ወጣ። ጠሂራ በመስኮቱ ስታይ ግራና ቀኙ ውሃ ነው።

«ዮርዲዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነን ወይስ መርከብ ላይ?»

«ሁለቱም ነው፣ እትዬ።»

«የየብሱን ዱዓ ላድርግ የባሕሩን?»

ሁለቱንም አደረገች። ከዚያ ባሕሩን አየች። እናቷ ከወሎ ከመጡ ወዲያ ከመርካቶ ወጥተው አያውቁም ነበር፤ ጉልበታቸውም ዓይናቸውም ያለቀው እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ከቦርሳዋ ጥቅሉን አውጥታ ወረቀቱን በጥቂቱ ገለጠችና ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

«እማ፣ ባሕር ይኸውልሽ» አለች። ባህረዲን አይቷል፤ ግን ዞር ብሎ የተኛ መሰለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የቡርሳ ገበያ ትልቅ የድንጋይ ግቢ ሆኖ፣ ዙሪያውን ሱቅ፣ መካከሉ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሻይ የሚጠጣ ሕዝብ ነው። ሻይ አመላላሾቹ ሰፊ ትሪ በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው በሰው መካከል ሲሽሎኮሎኩ ይጮሃሉ። ጠሂራ ቃሉን ባታውቀውም ትርጉሙ «ዞር በል!» እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ኩሊ እንደዚያ ሲጮህባት ነው ያደገችው። ሰውነቷ ዘና አለ።

የተሰጣት ጠረጴዛ ከኔሪማን ሀኒም ጠረጴዛ ጎን ነበር። ሀኒም እንደ እኛ እትዬ መሆኑን ዮርዲ ነግራታለች። ኔሪማን ሀኒም ፀጉራቸው የነጣ፣ እግራቸውን የሚያማቸው፣ ፈገግታቸው ግን ሙሉ የሆነ ሴት ናቸው። ሥራቸው በሻሽ ጠርዝ ላይ በመርፌ አበባ መሥራት ነው፤ አበቦቹ ጤፍ ያህል ደቀው እየተያያዙ ይሄዳሉ። ሁለቱ ሴቶች «አሰላሙ አለይኩም»ን ከተባባሉ ወዲያ የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ እጅ ግን ነበራቸው። አንዷ ስትሠራ ሌላዋ አንገቷን ታሰግጋለች። ጠሂራ መርፌውን ተቀብላ ሞከረች፤ የመጀመሪያ አበባዋ ትኋን መሰለች። ኔሪማን ሀኒም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ኪሮሹን ሲሞክሩ ደግሞ የሳቁ ተራ የጠሂራ ሆነ።

ከጠሂራ ጠረጴዛ በላይ የእናቷ ቆብ ተሰቅሏል። ኔሪማን ሀኒም በመጀመሪያው ቀን የተንጠለጠለውን ክር በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ ጠሂራ ዞሩ፤ ለምን አልጨረስሽውም እንደማለት። ጠሂራ «እማ» አለችና እጇን ወደ ሰማይ አነሣች። አሮጊቷ ገባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ሲያመጡ ሁለት ሆነ።

እሳቸው ደግሞ ከተቀመጡበት ወንበር መደገፊያ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሻሽ ጣል ያደርጋሉ፤ ጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ አበባ የዞረበት። ጠሂራ በየቀኑ ታየዋለች። ናሙና መሰላት። መርካቶ ቢሆን ወንበር ላይ የተሰቀለ ሁሉ ዕቃ ነው። ዮርዲን ጠርታ ብትጠይቅ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር፤ ግን የሚያውቁት የሚመስል ነገር አይጠየቅም።

ከመመለሻቸው በፊት በነበረው ቀን ኔሪማን ሀኒም እግራቸውን ሊታዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረባቸው። ተነሡ፤ ወንበራቸውን ጎትተው በጠረጴዛው ፊት አጋደሙት፤ ለጠሂራ ፈገግ ብለውላት ሄዱ።

የጠሂራ ልብ ቅቤ ጠጣ። ወንበር አጋደሙላት! ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ ሆና ሰንብታ፣ ዛሬ ገና ጎረቤት ሆነች። ወገቧን አስተካክላ ተቀመጠችና አንዱን ዓይኗን በራሷ፣ ሌላውን በኔሪማን ሀኒም ጠረጴዛ ላይ አደረገች።

ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ መጣ። አዲሶቹን ሻሾች ዘለላቸውና ወንበሩ ላይ ያለውን አነሣ። በጣቱ ዋጋ ጠየቀ። ጠሂራም በጣቷ መለሰች። ሰውዬው ሳቀ፤ ቀነሰ። ጠሂራ ፊቷን ቋጥራ ሻሹን ተቀበለችና መለሰችው። ሊሄድ ተራመደ፤ አልጠራችውም፤ ጥቂት ሄዶ ራሱ እንደሚመለስ ታውቃለች። ተመለሰ። በመጨረሻ እሷ ባለችው ሆነ፤ ተጨባበጡ። ገንዘቡን በመሐረብ ጠቅልላ ከሻዩ ብርጭቆ ሥር አደረገችና «ወይ ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ ዛሬ ባዩኝ!» አለች ለብቻዋ።

ኔሪማን ሀኒም እያነከሱ ተመለሱ። ጠሂራ ተነሥታ በሁለት እጇ መሐረቡን ሰጠቻቸው፤ ጥርሷ አልከደን ብሏል። አሮጊቷ ገንዘቡን አዩ። ጠሂራን አዩ። ከዚያ ወንበሩን አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ ነጣ፤ ወንበሩን አቅንተው ተቀመጡና እጃቸውን ባዶው መደገፊያ ላይ አሳረፉ።

ጠሂራ ክው አለች። «ዮርዲ! ዮርዲ ነይልኝ!»

ዮርዲ እየሮጠች መጣች። ኔሪማን ሀኒም ዝግ ባለ ድምፅ ነገሯት፤ ዮርዲም ተረጎመችው። ሻሹን የሠራችው ደርያ የምትባል አንድ ልጃቸው ናት። ለራሷ ሠርግ ብላ ነው የሠራችው፤ ሠርጓ ሳይደርስ ሞተች። በእነሱ ገበያ ደግሞ ወንበር ከተጋደመ ሱቁ ዝግ ነው ማለት ነው። ያን ዕቃ ማንም አይነካውም፤ ለዚህ ነው ሻሹን ሳይሰጉ ጥለውት የሄዱት።

«ምን አሉ ስለ እኔ? ተቆጡ?» አለች ጠሂራ።

«አልተቆጡም። አላወቀችም፣ ለእኔ ብላ ነው፣ ተዪያት አሉኝ።»

ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ጠሂራ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቷ የሚሏት አንድ ነገር ነበር። «ልጄ፣ የጎረቤት ሐቅ በዱዓ አይፋቅም፤ ባለቤቱ ካልማረሽ፣ ምሮሽም ልቡ ካልዳነ።» ኔሪማን ሀኒም ምረዋታል። ልባቸው ግን እንዳልዳነ ጠሂራ በዓይኗ አየች። ነገ ደግሞ መሄጃቸው ነው። የሞተች ልጅ መታሰቢያ ሸጣ እንዴት አውሮፕላን ትወጣለች?

በዮርዲ ስልክ በኢሞ መርካቶ ደወለች።

«ሄሎ! ጠሂራ? ምነው ድምፅሽ? ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ፤ ከኋላቸው የመኪና ጡሩንባና የኩሊ ጩኸት ይሰማል። እያለቀሰች ነገረቻቸው።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው እኮ፣ ጠሂራዬ። የእኛን በርጩማ እዚያ ምን ወሰደው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ጋሽ ሀብቴ?»

«ገዢውን መፈለግ ነዋ።»

«በዚህ ሁሉ ሕዝብ የት አገኘዋለሁ?»

«እዚህ ሰው ሲጠፋብን ማንን ነው የምንጠይቀው? ፖሊስን ነው?»

«ኩሊዎቹን ነው።»

«እና እዚያ ገበያ የሚሸከም ሰው የለም?»

ጠሂራ እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። ከጠረጴዛዋ በላይ ያለውን የእናቷን ቆብ አውርዳ በሰማያዊ ወረቀቱ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እዚህ አገር ብቻውን ትታው ሄዳ አታውቅም። ከዚያ ከሻይ አመላላሾቹ አንዱን አስቆመች። ዮርዲ ጠየቀችው። አረንጓዴ ካፖርት? አዎ፣ ሻዩን ያለ ስኳር የጠጣው፣ የሌላ ከተማ ሰው ነው፤ አውቶቡሱ እስኪደርስ ከትልቁ መስጊድ ጀርባ ምንጩ አጠገብ እጠብቃለሁ ብሏል። ሦስቱ ሮጡ፤ ጠሂራ፣ ዮርዲና በኤንትሬ ጎማው ድንጋዩን የሚያስጮኸው ባህረዲን።

ሰውዬው እዚያው ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሻሹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በጣቱ ይከተላል። ጠሂራን ሲያይ ሳቀ፤ የመጡበትን ሲሰማ ግን ሳቁ ጠፋ።

«አዝናለሁ» አለ በዮርዲ በኩል። «ግን ተከራክረን፣ ተጨባብጠን ነው የገዛሁት። ያውም እሷ እንዴት አድርጋ ነው ያስከፈለችኝ! ቤቴ ግድግዳው ሁሉ የድሮ ሴቶች የእጅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልግ ነበር። ገንዘቡን አልፈልግም።»

«ቆይ እኔ ላናግረው!» አለ ባህረዲን እጅጌውን እየሰበሰበ።

«ተው፣ ባህረዲን። እውነቱን ነው። እኛም ጋ ከተጨባበጡ ወዲያ ወሬ የለም።»

አዳዲስ ቆቦቿን አወጣች፤ የሙሽራውን፣ የጁምዓውን፣ ከሁሉ የምትኮራበትን። ሰውዬው በአክብሮት አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። ያማሩ ናቸው፣ ግን አዲስ ናቸው አለ። የድሮ እጅ የለባቸውም።

ጠሂራ ቦርሳዋን ነካ አደረገች። የድሮ እጅስ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። አንዱ አደራ መርካቶ ባዶ ምስማር ይዞ ይጠብቃታል፤ ሌላው እዚያ ግቢ ውስጥ ባዶ ወንበር ደግፎ ተቀምጧል። ሁለቱን መጠበቅ አልቻለችም። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ጠሂራ ግን ያንን ቆብ የሠሩትን ሴት ታውቃለች፤ እማማ ረሂማ ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። የከበዳት መስጠቱ ነው። ወረቀቱን ቀስ ብላ ፈታችው።

ሰውዬው ቆቡን ተቀበለ። አናቱን አየ፣ ጥልፉን አየ፣ የተንጠለጠለው ክር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ለምን አላለቀም?»

«እናቴ እዚህ ድረስ ነው የደረሰችው» አለች ጠሂራ።

ዮርዲ ስትተረጉመው ሰውዬው ቆቡን መልሶ ዘረጋላት። «ይህንንስ አልወስድም» አለ።

«እሱን ካልወሰደ ያንን አይሰጠኝም። በነፃ ውሰጂ ቢለኝ ደግሞ እኔ አልወስድም፤ ተጨባብጠናል። ቶሎ እንዲወስደው ንገሪው፣ ዮርዲ፤ ሳላለቅስ። አንድ ነገር ብቻ፤ ጠርዙን ማንም እንዳይጨርሰው። ክሩንም እንዳይቆርጡት።»

ሰውዬው ተነሥቶ ቆመ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ሻሹን በሁለት እጁ ሰጣት። እንደገና ተጨባበጡ። ይህኛው ግን ከበፊቱ ረዘመ።

ኔሪማን ሀኒም ሻሹን ሲያዩ አልጮኹም። ፊታቸው ላይ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚያሸት ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱት። ጠሂራ ለዮርዲ ቀድማ «በምን እንዳገኘነው እንዳትነግሪያቸው» ብላት ነበር። ግን ዓይን ያላቸው የመርፌ ሴት ናቸው። ቀና ሲሉ ከጠሂራ ጠረጴዛ በላይ ቆቡ የለም። መስቀያውን አዩት፣ ጠሂራን አዩዋት፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ጎትተው አቀፏት፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ በየቋንቋቸው እየተናገሩ፣ አንዳቸውም ሳይሰሙ፣ ሁሉንም እየተግባቡ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሻንጣ ታስሮ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ጠሂራ ጠረጴዛዋ ጋ ነበረች። ኔሪማን ሀኒም ተነሡ። ሻሹን እንደ ልማዳቸው ወንበሩ ላይ ጣል አደረጉ። ወንበሩን በጠረጴዛው ፊት አጋደሙ። ከዚያ ወደ ጠሂራ ዞረው በጣታቸው መጀመሪያ ጠረጴዛውን፣ ቀጥሎ እሷን አመለከቱና ሄዱ። ያን ሁሉ ካደረሰችባቸው በኋላ አደራ ሰጧት። አንዲት ልጅ መጥታ ሻሹን ልትነካ እጇን ስትዘረጋ፣ ጠሂራ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ በአማርኛዋ ጮኸች።

«እሱ አይሸጥም!»

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ኔሪማን ሀኒም ከዛፉ ሥር ሆነው ያዩ ነበር፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

መርካቶ ስትመለስ ጋሽ ሀብተ ወልድ ሱቋን ጠራርገው፣ ቆቦቹን በቀለም ለይተው ጠበቋት። «እንኳን ደኅና መጣሽ!» አሉና ወዲያው ቀና ብለው ወደ ምስማሩ አዩ፤ ከዚያ ወደ ቦርሳዋ። ጠሂራ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስትጨርስ «አደራዎን በላሁ፣ ጋሽ ሀብቴ» አለች።

ሽማግሌው አንድ የክር ጥቅል አንሥተው ያልተፈታውን ይጠቀልሉ ጀመር።

«እኔ ያንን ክር ለእናትሽ ስሸጥላቸው» አሉ በመጨረሻ፣ «ወድዷል ብለው ሰድበውኝ ነው የሄዱት። የት ድረስ እንደሚሄድ አላወቁም።» ጥቅሉን እንደያዙ ወደ ሱቃቸው ገቡ። ጠሂራ በላሁ ያለችውን አልበላሽም አላሏትም፤ በላሽም አላሏትም። ይህ ሲከነክናት ከረመ። ምስማሩ ላይ ሌላ ቆብ ልትሰቅል ሁለት ጊዜ በርጩማ ላይ ወጥታ ወረደች። ባዶ ምስማር እንደማይወዱ ታውቃለች፤ እሷም አልወደደችውም። ግን ምን ትስቀልበት?

አንድ ቀን ለዙህር ሰላት በርጩማዋን አጋድማ ወጣች። ስትመለስ አንዲት ሴት ከሱቋ በር ላይ ቆማ ቆብ ታማርጣለች፤ ለልጇ ኒካሕ ነው። ጋሽ ሀብተ ወልድ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቁልፍ ይለያሉ። ሴትዮዋ ከላይኛው ረድፍ ነጩን ለማሳየት ጣቷን ወደ ላይ አነሣች።

«ጋሼ፣ ያንን ቢያወርዱልኝ?»

«እሱ አይሸጥም!» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ወደ ላይ አየች። «የቱ? ምስማሩ?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ባዶውን ምስማር አዩ። ጠሂራ ከሰላት መልስ እጇን ነጠላዋ ላይ እንዳደረገች ከበስተኋላ ቆማ ትሰማለች፤ እሳቸው ግን አላዩዋትም።

«አዎ» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ ረጋ ብለው። «ምስማሩ። የእናቷ ነው።»

ጠሂራ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደፊት ተራመደች፤ በርጩማውን ከበሩ ላይ አነሣችና ነጩን ቆብ ለሴትዮዋ አወረደችላት።